ሕጻናት ብሎክ ሲደረድሩ አእምሯቸው ምን ይሠራል?

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ከሥራ ውለው ወደ አፓርታማቸው የሚመለሱ ብዙ ወላጆች የሚያውቁት ትዕይንት አለ። የእንጨት ብሎኮችና በተለምዶ «ሌጎ» የምንላቸው ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች የሳሎኑን ምንጣፍ ሞልተውታል፤ ሕጻኑ ግንብ ያቆማል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ያቆማል። ለደከመ ወላጅ ይህ ሁሉ የሚሰበሰብ ዕቃ ነው። የሕጻናትን የአእምሮ ዕድገት ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ግን ልጁ በዚያች ሰዓት የሚለማመደው ችሎታ፣ ከዓመታት በኋላ የሒሳብ፣ የሳይንስና የምሕንድስና ትምህርትን ከሚያቀልሉለት አንዱ ነው። ይህ ችሎታ የቦታ ግንዛቤ ይባላል።

የቦታ ግንዛቤ በልምምድ የሚዳብር ችሎታ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች እየተበራከቱ መጥተዋል። ከነዚህ ጥናቶች ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን በቀጥታ የሚመለከት ቁም ነገር ይገኛል፦ የብሎክን ጥቅም ከሚያጎሉት ነገሮች ዋነኛው ከልጁ ጎን የተቀመጠ ሰው የሚናገረው ቃል ነው። ያ ቃል ደግሞ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም።

የቦታ ግንዛቤ ምንድን ነው?

የቦታ ግንዛቤ ማለት ዕቃዎች ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው፣ እርስ በርሳቸው በምን አቅጣጫና ርቀት እንደተቀመጡ፣ ቢዞሩ፣ ቢገለበጡ ወይም ቢገጣጠሙ ምን እንደሚመስሉ በዓይነ ሕሊና የመረዳት ችሎታ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚደረግ ጉዞ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው የትኛው ዕቃ በየትኛው ጥግ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚገምተው በዚህ ችሎታ ነው። በሁለት መኪናዎች መካከል መኪናውን የሚያቆም ሹፌር፣ ጨርቅ የሚቀድ ልብስ ሰፊ፣ ራጅ የሚያነብ ሐኪም፣ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከተሠመረ ንድፍ የቆመ ሕንፃ የሚታየው መሐንዲስ፣ ሁሉም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

ችሎታው በቤተ ሙከራ ሊለካ እንደሚችል በጉልህ ያሳየው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ሮጀር ሼፐርድና ጃክሊን ሜትዝለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከትናንሽ ኪዩቦች የተገጣጠሙ ቅርጾችን ሥዕል ጥንድ ጥንድ አድርገው ለ8 ሰዎች አሳዩ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ሁለቱ ሥዕሎች በተለያየ አቅጣጫ የዞረ አንድ ቅርጽ ናቸው ወይስ የተለያዩ ቅርጾች? የመልሱ ፍጥነት አስገራሚ ሥርዓት ነበረው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ማዕዘን በሰፋ ቁጥር መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው ጊዜ በዚያው መጠን ይረዝማል። ተሳታፊዎቹ ቅርጹን በአእምሯቸው በሰከንድ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ፍጥነት ያዞሩት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ እጅ አንድን ዕቃ ቀስ በቀስ እንደሚያዞረው ሁሉ አእምሮም ምስሉን ቀስ በቀስ ያዞራል። ብሎክ የሚጫወት ሕጻን ይህን ሥራ አስቀድሞ በእጁ ይማረዋል፤ በእጁ የለመደውን ደግሞ ቀስ በቀስ በሐሳቡ መሥራት ይጀምራል።

ተፈጥሮ ነው ወይስ ልምምድ?

«የእኔ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረችም» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። የቦታ ግንዛቤም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ የተወለዱበት ጸጋ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዴቪድ አታል የተመሩ ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተካሄዱ 217 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ልምምድ ችሎታውን በአማካይ 0.47 በሆነ የስታንዳርድ ዲቪዬሽን መጠን እንደሚያሻሽለው አገኙ። ይህን ቁጥር ወደ ክፍል ውስጥ ብናመጣው፣ ከ100 ተማሪዎች 50ዎቹን ይበልጥ የነበረ ተማሪ 68ቱን ወደሚበልጥበት ደረጃ ከፍ እንደማለት ነው። መሻሻሉ በሕጻናትም በዐዋቂዎችም፣ በሴቶችም በወንዶችም ላይ ታይቷል።

ችሎታው ለምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ሰፊ መልስ የሰጠው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተጀመረ ትልቅ የተማሪዎች ምዝገባ የተገኘ መረጃ ነው። ጆናታን ዋይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ወደ 400,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ውጤት ከ11 ዓመታት በኋላ ከያዙት ትምህርትና ሙያ ጋር አስተያይተዋል። በምሕንድስናና በሳይንስ ዘርፎች የተሠማሩት ሰዎች ገና በወጣትነታቸው በቦታ ግንዛቤ ፈተና ጎልተው የታዩ ነበሩ።

የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት የንድፍ ትምህርት አይረሳውም። አንድን የብረት ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይቶ መሣል፣ ከሦስቱ ሥዕሎች ተነሥቶ ደግሞ ዕቃውን በሐሳብ መልሶ መገንባት ይጠይቃል። በሚሺጋን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት ሸሪል ሶርቢ ይህ ትምህርት ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ እንደሚያሰናክል ተመለከቱ። ለአዳዲስ ተማሪዎች በተሰጠ ፈተና ሴቶች የመውደቅ ዕድላቸው ከወንዶቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። በፈተናው ጥሩ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች ታሪክ ሲጠና፣ በልጅነት በመገንቢያ መጫወቻዎች መጫወት ጥሩ ውጤትን ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሶርቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ደካማ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች አጭር የልምምድ ትምህርት አዘጋጁ፤ ትምህርቱን የወሰዱት ችሎታቸው ተሻሻለ፣ በምሕንድስና ትምህርታቸው የመቀጠል ዕድላቸውም ጨመረ።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። የቦታ ግንዛቤ በ18 ዓመትም ቢሆን ሊዳብር ይችላል። ነገር ግን ለወንድ ልጅ ብሎክ፣ ለሴት ልጅ አሻንጉሊት ብቻ የሚገዛ ቤተሰብ ሳያስበው ልዩነቱን ከምንጣፉ ላይ ይጀምረዋል።

ብሎክ ምን ያስተምራል?

ብሎክን ለትምህርት የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕጻናት ተቋም ሲከፍት ለትምህርቱ የሚያገለግሉ የእንጨት መጫወቻዎችን አዘጋጅቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ከ8 ትናንሽ ኪዩቦች የተሠራ አንድ ትልቅ ኪዩብ ነው። ሕጻኑ ለሁለት ሲከፍለው ግማሽ፣ እንደገና ሲከፍለው ሩብ፣ በመጨረሻም አንድ ስምንተኛ በእጁ ላይ ይቀራል፤ ክፍልፋይ የሚለውን ቃል ከመስማቱ ከዓመታት በፊት ክፍልፋይን ይዳስሳል። ዝነኛው አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ፍራንክ ሎይድ ራይት እናቱ እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ዐውደ ርእይ አይተው ያመጡለት የፍሮበል ብሎኮች በሥራው ላይ ትልቅ አሻራ እንደተዉ በግለ ታሪኩ ጽፏል።

በዘመናችን የምናውቀው የሌጎ ጡብ የባለቤትነት መብቱ በዴንማርክ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 ነው። ስምንት ጉብታ ያላቸው፣ በቀለምም አንድ የሆኑ ሁለት ጡቦች በ24 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ጡቦቹ ስድስት ሲሆኑ የመገጣጠሚያው መንገድ 915,103,765 ይደርሳል። ስድስት ጡብ ብቻ የያዘ ሕጻን እንኳ የሚመረምረው ዓለም ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም።

ሕጻኑ በጨዋታው መካከል ብዙ ነገር ይፈትናል። ከባዱ ብሎክ ከቀላሉ በላይ ሲሆን ግንቡ ያጋድላል፤ እዚህ ላይ ሚዛንን ይማራል። በሁለት ምሰሶዎች ላይ ድልድይ ለማጋደም ርቀቱን ከብሎኩ ርዝመት ጋር ማመዛዘን አለበት፤ ይህ ልኬት ነው። በቤቱ ግራ ያቆመውን በቀኝም ሲደግመው ተመጣጣኝነትን ያውቃል። ከሁሉም በላይ ግንቡ ሲፈርስ ምክንያቱን ፈልጎ በሌላ መንገድ ይሞክራል።

በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጨባጭ ውጤት አሳይተዋል። ብራያን ቨርዳይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ100 የሚበልጡ የ3 ዓመት ሕጻናት ተገጣጥሞ የተሰጣቸውን ቅርጽ አይተው በራሳቸው ብሎክ እንዲሠሩት ተጠየቁ። ቅርጹን በትክክል መድገም የቻሉት በሒሳብ ጅማሮም የተሻሉ ነበሩ። ሻሪን ኒውማን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት የ8 ዓመት ልጆችን በሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን የብሎክ ግንባታ፣ ሌላው የፊደል ጨዋታ የሆነውን ስክራብል ተጫወተ። እያንዳንዳቸው የ30 ደቂቃ በሆኑ አምስት የጨዋታ ጊዜያት ውስጥ ብሎክ የተጫወቱት ልጆች ቅርጽን በሐሳብ የማዞር ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በኤምአርአይ የታየው የአእምሯቸው እንቅስቃሴም ለውጥ አሳየ።

እርግጥ ነው፣ የ2014ቱ ጥናት የሚያሳየው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ነው፤ የኒውማን ጥናት ደግሞ የተሠራው በ28 ልጆች ላይ ብቻ ነው። ብሎክ ብቻውን መሐንዲስ አይፈጥርም። ሆኖም ከ217ቱ ጥናቶች ጋር አብረን ስናነባቸው የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ቃሉ ከብሎኩ ጋር

ከላይ የጠቀስነው የ2014 ጥናት ሌላም አሳሳቢ ነገር አሳይቷል። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕጻናት ገና በ3 ዓመታቸው በግንባታው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ወላጆቻቸውም እንደ «በላይ» እና «በታች» ያሉ የቦታ ቃላትን ለልጆቻቸው የሚናገሩት ባነሰ መጠን እንደሆነ ገለጹ።

የቃሉን ድርሻ በቅርበት ያጠኑት የሻነን ፕሩደን፣ የሱዛን ሌቪንና የጃነለን ሃተንሎከር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤታቸውን አሳተሙ። 52 ሕጻናትን ከ14 ወር እስከ 46 ወር ዕድሜያቸው ድረስ በየቤታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ተከታተሉ። መጠንን፣ ቅርጽንና ጠርዝን የሚገልጹ ቃላትን አዘውትረው የሚናገሩ ወላጆች ልጆችም እነዚህን ቃላት አብዝተው ተናገሩ፤ ቃላቱን አብዝተው የተናገሩት ልጆች ደግሞ በ54 ወራቸው ንግግር በማይጠይቁ የቦታ ግንዛቤ ፈተናዎች ብልጫ አሳዩ። በዚያው ዓመት በካትሪና ፌራራ መሪነት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ወላጅና ልጅ አንድ የታሰበ ነገር አብረው ሲገነቡ ወላጁ የሚናገራቸው የቦታ ቃላት ልጁ ብሎኩን እንደፈለገ ከሚጫወትበት ጊዜ ይበልጣሉ።

እዚህ ላይ በስደት የሚኖሩ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሳል፦ በአማርኛ ብናናግረው በትምህርት ቤት ወደ ኋላ አይቀርም? የቦታ ግንዛቤ የሚቆመው በቃሉ ትርጉም ላይ ነው። «ትይዩ» ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ብሎኮች ያየ ልጅ በኋላ የሚጎድለው የእንግሊዝኛው ስም ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት በቀላሉ ያመጣሉ። ወላጁ በማይመቸው ቋንቋ በጥቂት ቃላት ከሚያናግረው ይልቅ፣ አፍ በፈታበት ቋንቋ ብዙ ነገር ቢነግረው ልጁ ያተርፋል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ቋንቋ ነው። ላይ፣ ሥር፣ መሀል፣ ዳር፣ ጥግ፣ ጠርዝ፣ ጫፍ፣ አናት፣ ፊት ለፊት፣ አግድም የሚሉ ቃላት አሉን። ግሦቻችን ደግሞ የዕቃውን አቀማመጥ በአንድ ቃል ይናገራሉ፦ አቁመው፣ አጋድመው፣ ገልብጠው፣ አዙረው፣ አስደግፈው፣ አስጠጋው፣ ደርድረው፣ አነባብረው። ሁለት እንጀራ ተደራርቦ የሚጋገረውን «አነባብሮ» የሚያውቅ ልጅ ብሎክ ማነባበር ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ ወላጅ «ጎበዝ!» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ያየውን በቃል ቢገልጽ ይመረጣል። «ረጅሙን አጋድሚው፤ አጭሩን ከላዩ አቁሚው።» «ግንቡ ወደየት አጋደለ? የቱን ብናነሣ ይቃናል?» «እማማ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩት በሩ በየት በኩል ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ልጁን ከራሱ ዓይን አውጥቶ በሌላ ሰው ዓይን እንዲያይ ያደርገዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ቅርብ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ሆኑ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን መረጃ በአማርኛም የሚያዘጋጁት አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በርካታ ስለሆኑ ነው።

ልጆቻቸውን ስለ ግንባታ ለማሳየት የሚፈልጉ ወላጆች በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውን ብሔራዊ የሕንፃ ሙዚየም መጎብኘት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1887 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ራሱ ግዙፍ የብሎክ ጨዋታ ይመስላል፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቷል። በአዳራሹ መካከል የቆሙት ስምንት ታላላቅ ምሰሶዎች ከሩቅ ሲታዩ እብነ በረድ ይመስላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን በ70,000 ገደማ ጡብ የተገነቡና ከላይ ተለስነው የተቀቡ ናቸው። «ይህ ምሰሶ ከምን የተሠራ ይመስልሃል?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሣ ቤተሰብ በቀዩ የሜትሮ መስመር ጁዲሺየሪ ስኩዌር ጣቢያ ሲወርድ ሙዚየሙን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ የሚነሣ ደግሞ በቢጫው መስመር እስከ ጋለሪ ፕሌስ ሄዶ ጥቂት በእግር መጓዝ ይበቃዋል። ስለ መግቢያ ዋጋና ስለ ልጆች ዝግጅቶች ከመሄድ በፊት ማጣራት ይገባል።

ከአገር ቤት የመጣ ቅርስም ለዚህ ጨዋታ ጥሩ መነሻ ነው። የየሓ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የተጠረቡ ድንጋዮች ያለ ማያያዣ ጭቃ ተነባብረው የቆሙበት ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ በተቃራኒው ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የመጀመሪያው በመጨመር፣ ሁለተኛው በመቀነስ ተሠራ። ለልጁ ሁለቱንም ፎቶግራፎች አሳይቶ አንዱን በብሎክ፣ ሌላውን ከሳሙና ወይም ከጭቃ እንዲሠራ ማድረግ ልዩነቱን በእጁ ያስይዘዋል።

ያለ ብዙ ወጪ

ውድ መጫወቻ መግዛት ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባወጣው ምክር እንደ ብሎክ ያሉ ቀላል ባህላዊ መጫወቻዎችን ድምፅና መብራት ካላቸው የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻዎች አስበልጧል። ያለቀ የብስኩት ካርቶን፣ የጫማ ሣጥን፣ የፕላስቲክ ኩባያና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሁሉ ብሎክ ይሆናሉ። በኢትዮጵያ ያለ ቤተሰብ ከአናጢ ቤት የሚጣል ቁርጥራጭ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መስጠት ይችላል። በሽቦና በቆርኪ መኪና የሚሠራ የመንደር ልጅ፣ በመሬት ላይ የሰኞ ማክሰኞ ሠንጠረዥ የምታሠምር ልጅ፣ ይህንኑ ችሎታ በራሳቸው መንገድ ሲለማመዱ የኖሩ ናቸው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት በሚሠሩ መጫወቻዎች ውስጥ ትናንሽ ክፍሎች እንዳይኖሩ ይከለክላል፤ መለኪያው 3.17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው። በቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይቻላል፤ በውስጡ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ለትንሽ ሕጻን ጉሮሮ አደገኛ ነው።

ጨዋታውን በየዕድሜው ከፍ ማድረግም ይጠቅማል። ለ2 ዓመት ልጅ መደርደርና ማነባበር ይበቃል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ወላጁ የሠራውን ትንሽ ቅርጽ አይቶ ይድገም። ከዚያ ከፍ ያለው ልጅ ከሥዕል አይቶ ይገንባ፣ የገነባውን ደግሞ ከላይና ከጎን አይቶ ይሣል። እንዲህ ያለው ልምምድ መሐንዲሶች በዩኒቨርሲቲ የሚጋፈጡት ትምህርት ትንሹ ምሳሌ ነው።

ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማግኘት ከባድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በብዙዎቹ ቤቶቻችን ልጅ ለመያዝ ከአገር ቤት የመጡ አያቶች አሉ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ለልጁ ትምህርት የሚረዱት ነገር ያለ የማይመስላቸው ብዙ ናቸው። ሆኖም አቁመው፣ አጋድመው፣ አነባብረው የሚሉትን ቃላት ከእነርሱ አሳምሮ የሚያውቅ የለም፤ ጊዜውም አላቸው። የብሎኩን ሣጥን ከአያት ወንበር አጠገብ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ነው።